ጠዋት ያልተደገመው ቃል

በቤታችን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ የተባለ ነገር አይቆጠርም ነበር። ሕጉን ያወጣችው እናቴ ናት። አባቴ ምሳውን በልቶ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በርጫ ይቀመጣል። መጀመሪያ ላይ ወሬያቸው ስለ ገበያና ስለ ሙቀቱ ነው። ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል ግን የጫቱ ምርቃና ይመጣና ድምፃቸው ይለሰልሳል፤ ከዚያ በኋላ የማይሠሩት ፎቅ፣ የማያስታርቁት ጠበኛ፣ የማይሄዱበት አገር የለም። አባቴ ጅቡቲ ወስዶ ባሕር ሊያሳየን ስንት ጊዜ ቃል እንደገባ እንጃ። አንድ ጊዜማ ሻንጣ እስከ ማዘጋጀት ደርሰናል። ጠዋት የጫቱ ሐራራ ይዞት፣ ግንባሩን ቋጥሮ ጫማውን ሲፈልግ ግን ባሕሩን ማንሳት ቀርቶ «እንዴት አደርክ» ማለትም ድፍረት ይጠይቃል።

እናቴ ታዲያ ለሁሉም አንድ መልስ ነበራት፤ «ጠዋት ይድገመው!» ጠዋት ከደገመው ቃል ነው። ካልደገመው፣ ከምንጣፉ ላይ ከሚጠረገው የጫት ርጋፊ ጋር አብሮ ወጥቷል ማለት ነው።

ድሬዳዋ ውስጥ ብዙ ቤት እንዲህ ሳይሆን አይቀርም። እኛም ልጆቹ ሕጉን ከነማምለጫው ተምረን ነው ያደግነው። ትንንሹን ነገር፣ ደብተር ቢሆን ጫማ ቢሆን፣ በምርቃናው ሰዓት ጠይቀን እዚያው እጃችን እናስገባለን። ትልቁን ነገር ግን ጠዋት እስኪደግመው እንጠብቃለን። እኔ በሕይወቴ ትልቁን ነገር አባቴን የጠየቅሁት በዚያ ሰዓት ነው፤ ያጠፋሁትም እዚያው ላይ ነው።

አባቴ ታይዋን በምንለው ገበያችን ሰልባጅ ይሸጥ ነበር። በድሬዳዋ ሙቀት ካፖርትና ሹራብ የሚሸጥ ሰው ያስቃል፤ ደንበኞቹ ግን ከሐረር፣ ከቁልቢና ከጭሮ የሚወርዱ፣ ብርድን በስሙ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ቦንዳው ሲፈታ ከሳሙናና ከሣጥን ሽታ ጋር የሰው አገር ይዘረገፋል። አብዛኛው ከኮሪያ የመጣ ነው። እኔ ከትምህርት ቤት መልስ ልብሱን እየዘረጋሁ፣ እያራገፍኩ፣ በየጃኬቱ ጀርባ ላይ ክብና ሳጥን እየተደራረበ የተሠራ የሚመስል ጽሑፍ አያለሁ። ለሌላው ሰው ጌጥ ነበር። እኔን ግን ማንበብ አለመቻሌ ያናድደኝ ነበር። በተፈጥሮዬ ሰው ፊቴ ቆሞ የማይገባኝን ሲያወራ አልወድም። በዚህ ምክንያት ነው፣ የሱማሌዎቹን ነጋዴዎች ሐሜት ልሰማ ብዬ፣ ሱማልኛ የለመድኩት።

አሥረኛ ክፍል እያለሁ ፊደሉን ስልኬ ላይ ፈልጌ አገኘሁት። እንደሚያስፈራው አይደለም፤ በሁለት ሳምንት ማንበብ ጀመርኩ። ሳይገባኝ ማንበብ ማለቴ ነው። መጀመሪያ ያነበብኩት አንድ የልጅ ቱታ አንገትጌ ውስጥ በክር የተጠለፈ ስም ነበር። ልጁ ትምህርት ቤት እንዳይጥለው እናቱ በእጇ የጠለፈችው ይመስላል፤ ስፌቱ ይንጋደዳል። ስሙን ጮክ ብዬ ጠራሁት። ባሕር ማዶ ያለች የማላውቃት ሴት ለእኔ ያልጻፈችውን ነገር አንብቤባት ነበርና እንደ ማፈርም አደረገኝ፣ ደስም አለኝ። ያን ቀን ቱታውን ለመሸጥ አንጀቴ እምቢ አለ። አባቴ ግን ሸጠው።

ከዚያ በኋላ የገበያው አስተርጓሚ ሆንኩ። ቃሉን አንድ በአንድ ስልኬ ላይ እየፈለግሁ ለደንበኛው እነግረዋለሁ። አንዱ ጎረምሳ ጃኬቱን ለብሶ፣ ደረቱን ነፍቶ «የማን ቡድን ነው?» ሲለኝ «ቡድን አይደለም፣ ጋዝ አከፋፋይ ነው» አልኩትና አውልቆ ሄደ። አባቴ «አቦ አንቺ ልጅ! ገበያዬን ልትዘጊው ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸብኝ። የበርጫ ጓደኛው፣ ጡረታ የወጣው የምድር ባቡር ሰው፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ለሱብሒ ሶላት ወደ መስጊድ ሲሄድ የሚደርበው ሰማያዊ ጃኬት ነበረው። ጀርባው ላይ የተጻፈው የአንድ ቤተ ክርስቲያን ወጣት መዘምራን መሆኑን ሳነብ ሮጬ ለአባቴ ነገርኩት። እንባው እስኪመጣ ሳቀና «እንዳትነግሪው!» አለኝ፤ «ጃኬቱ ምን አጠፋ? ይሙቀው።» እስከ ዛሬ አልነገርነውም።

አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ ምን መማር እንደምፈልግ ለማንም ግልጽ ነበር፤ የት የሚለው ነው ያስቸገረው። አንድ ደብተር ይዤ ኮሌጅ መረጣ ገባሁ። አዲስ አበባ ውስጥ አንዱ ቦታ የኮሪያ ቋንቋ የሚያስተምረው በስድስት ወር፣ በማታ ነው፤ የምስክር ወረቀት ይሰጥና ያሰናብታል። ሌላው ቋንቋውን ለሌላ ትምህርት ማጣፈጫ አድርጎ፣ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚሰጠው። ሦስተኛው ግን የእስያ ጥናት የሚባል ክፍል ነበረው፤ አራት ዓመት፣ ኮሪያኛ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በየቀኑ፣ ከጎኑ የእስያ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ንግድ። ሦስተኛ ዓመት ላይ የተመረጡ ተማሪዎች ግማሽ ዓመት ኮሪያ ሄደው ይማራሉ። ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ደብተሬ ላይ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

የኮሌጁን ሬጅስትራር በስልክ አገኘኋት። እኛ ድሬዎች አንቱ አናውቅም፤ ለሽማግሌውም ለሹሙም «አንተ» ነው። እኔም ሳላስበው «አንቺ፣ አስተማሪው ኮሪያዊ ነው ወይስ እዚሁ የተማረ?» ስላት፣ በረዶ በሆነ ድምፅ «ከየት ነው የምትደውይው?» አለችኝ። «ከድሬ» ስላት ሳቀች። ከዚያ በኋላ ወዳጅ ሆንን። በሳምንት ሁለቴ እደውልላታለሁ፤ አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ተማሪ እንደሆነ፣ አስተማሪዎቹ ሁለት ኮሪያውያንና አንድ እዚያ ተምሮ የመጣ የእኛ ሰው እንደሆኑ፣ ተመራቂዎቹ የት እንደገቡ፣ ቤተ መጻሕፍቱ በኮሪያኛ የተጻፈ ልብ ወለድ እንዳለው ሳይቀር ጠይቄያታለሁ። የፈተና ውጤቴን ላክሁላት፤ አለፍኩ። ቀጥሎ የሚያስፈልገው ከክፍለ ሀገር ለሚመጣ ተማሪ የወላጅ ፊርማ ያለበት ቅጽ ነበር። «ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ» አለችኝ። «ግን እስከሚመጣው ሳምንት ዓርብ ነው። የቀረው አንድ ወንበር ነው፤ ለአንቺ ብዬ ይዤዋለሁ።»

ደብተሬ ላይ አራተኛ ምርጫም ነበር። እዚሁ ከቤታችን በባጃጅ ጥቂት ደቂቃ የሚርቅ ኮሌጅ፣ ሎጂስቲክስ። እሱን ያስጻፈችኝ እናቴ ናት። «የጉምሩክ አገር ውስጥ ተወልደሽ ሰነድ ብትማሪ ማን ሥራ ይከለክልሻል?» አለች። ልክ ነበረች። ያናደደኝም እሱ ነው።

ሳምንቱን ሙሉ በአባቴ ዙሪያ ስዞር ቆየሁ። ሰኞ ዕለት ቅጹን አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከተትኩና ዘጠኝ ሰዓት እስኪያልፍ ጠብቄ፣ የሻይ ፔርሙዝ ይዤ በርጫው ክፍል ገባሁ። ሦስቱም ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ጫቱ ፊታቸው ተዘርግቷል። ዓይኔን ምንጣፉ ላይ ተክዬ፣ ለሳምንት ያጠናሁትን በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት። አዲስ አበባ፣ አራት ዓመት፣ ኮሪያኛ፣ አክስቴ ቤት እንደማርፍ፣ ዓርብ እንደሚያልቅ።

የባቡሩ ሰው «ኮሪያኛ? ማሽአላህ! ከዚያ ባቡር ታስመጪልናለሽ!» ብሎ ጀመረ።

«ምን ታደርጊበታለሽ?» አለኝ አባቴ።

«አላውቅም። ግን እሱን ነው የምፈልገው» አልኩት።

«ፈልገሻል?»

«ፈልጌያለሁ።»

«እንግዲያ ሂጂ» አለኝ። በቃ፤ ይኸው ነበር ያለኝ።

ከክፍሉ ወጣሁ። ቅጹን ከኪሴ አላወጣሁትም። ለምን አላወጣሽውም ብትሉኝ፣ ሕጉን አውቃለሁ እኮ! አባቴ በምርቃና ላይ በፈረመው ፊርማ ጠዋት ሲያፍር ማየት አልፈለግሁም። ኩሽና ውስጥ እናቴ አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝና «ምን አለ?» አለች። «ሂጂ አለ» ስላት ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። «ጠዋት ይድገመው» አለች።

ማክሰኞ ጠዋት አባቴ ልብሱን ለብሶ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። ሌላ ጊዜ በዚያ ሰዓት ወጥቷል። እኔ ግቢውን እየጠረግሁ ሁለቴ በፊቱ አለፍኩ። ሦስተኛውን ሳልፍ «ምን አለ፣ ኢንተለ ቲያ?» አለኝ፤ «ልጄ» ማለቱ ነው፣ በኦሮምኛ። ደስ ሲለው ወይም ሲያባብል ነው በኦሮምኛ የሚጠራኝ።

«ምንም» አልኩት።

ትንሽ ቆየና ተነሥቶ ወደ ሱቁ ሄደ። ረቡዕም እንደዚያው ቆየ፣ ምንም አላለም። ሐሙስ በጠዋት ወጣ። እናቴ በየማለዳው «ደገመው?» ትለኛለች፣ እኔም «አልደገመውም» እላለሁ። ንዴቴ በየቀኑ ጨመረ። አባቴ ላይ ብቻ ሳይሆን በከተማው ላይ፣ በሙቀቱ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ሁሉን ሰጥቶ ጠዋት ሁሉን በሚቀማው ቅጠል ላይ። በውስጤ ስንት ነገር ተናገርኩት! አንዱም ግን ከአፌ አልወጣም።

ዓርብ ከሰዓት በፊት ሬጅስትራሯ ራሷ ደወለችልኝ።

«ቅጹ አልደረሰኝም እኮ» አለችኝ። «ሌላ ልጅ እየጠበቀ ነው። ወንበሩን ልልቀቀው ወይስ እስከ ማታ ልያዘው?»

እስከ ማታ ልትይዘው ትችል ነበር። «ልቀቂው» አልኳት። «እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ። «እርግጠኛ ነኝ» አልኳት። ያን ዕለት በባጃጅ ሄጄ ሎጂስቲክስ ተመዘገብኩ። የአካባቢውን ኮሌጅ ቅጽ አባቴ ምሳ ሰዓት ላይ ፈረመልኝ። ወረቀቱን ረዘም ላለ ጊዜ ሲያየው ነበር። እኔ ማንበቡ አስቸግሮት ነው ብዬ ነበር።

ትምህርቱን አልጠላሁትም። መጥፎ ተማሪም አልነበርኩም። ስመረቅ ወዲያው አንድ የትራንዚት ቢሮ ቀጠረኝ፤ ዛሬም እዚያው ነኝ፣ የአስመጪዎችን ሰነድ አዘጋጃለሁ፣ በባለ ጉዳይና በጉምሩክ መካከል እሮጣለሁ። ደመወዜ የአባቴን መድኃኒት ይችላል። እናቴ ሰው ቤት ቡና ሲጠጣ ስለ እኔ ስታወራ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች። ይህን የምለው ሕይወቴ ከፋ ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ ነው። አልከፋም። የፈለግሁት ግን እሱን አልነበረም።

ኮሪያኛውን መጀመሪያ ላይ ብቻዬን እቀጥላለሁ ብዬ ነበር። ሁለት ዓመት ያህል ገፋሁበት። ከዚያ የሥራው ብዛት፣ ከዚያ ስንፍናው፣ ከዚያ እልሁ መጣና ተውኩት። ዛሬ ፊደሉ ቀርቶልኛል፤ ቃሉ ግን ሄዷል። አንድ ቀን ቢሯችን አንድ የኮሪያ መሐንዲስ መጣ፤ ለፋብሪካ የመጣ ማሽን ሰነዱ ተሰናክሎ ነበር። ፎቶግራፉን ሲያሳየን በሣጥኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳላስበው ጮክ ብዬ አነበብኩት። የሰውየው ፊት በራ። ወንበሩን ወደ እኔ ሳበና ባገሩ ቋንቋ ያወራኝ ጀመር፤ ፍጥነቱ፣ ደስታው! ለብዙ ጊዜ የሚያናግረው ሰው ያጣ ይመስል ነበር። እኔ አንድም ቃል አልገባኝም። እያየሁት ፈገግ ስል ቆየሁና «አላውቅም» በሚል እጄን አወዛወዝኩ። ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰና በእንግሊዝኛው ቀጠለ፤ እንግሊዝኛው ደካማ ነበር፣ የእኔም ያው። ያን ቀን መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። የሥራ ባልደረባዬ የጥርስ ሕመም ነው ስላት አመነችኝ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ አባቴን ከውስጥ ቂም ይዤበት ነበር። አፍ አውጥቼ አልወቀስኩትም፤ ግን ምርቃና ላይ ሆኖ ቃል ሲገባ በሰማሁ ቁጥር ፔርሙዙን ጠረጴዛው ላይ ድም አድርጌ አስቀምጣለሁ። ካመመው ወዲህ ሐኪም ስለከለከለው ራሱ እምብዛም አይቅምም፤ ለጓደኞቹ ሲል አብሯቸው ይቀመጣል፣ ሲፈልገው ደግሞ ሰርቆ ጥቂት ይቀጥፋል።

ታናሽ እህቴ ከእኔ በዘጠኝ ዓመት ታንሳለች። ባለፈው ዓመት እሷም ደረሰች። የፈለገችው የአውሮፕላን ጥገና ነው፤ አዲስ አበባ፣ ከወንዶች ጋር፣ ከሞተር ሥር። እናቴ ራሷን ያዘች። እኔም፣ እንዲህ መናገር ያሳፍራል፣ «ጠዋት እስኪደግመው ጠብቂ» ብዬ መከርኳት። እህቴ እንደ ሞኝ አየችኝ። «ዋላሂ አንቺ አትረቢም!» አለችኝና እስክሪብቶና ቅጹን ይዛ በርጫው ውስጥ ገባች። አሥር ደቂቃ አልቆየችም። ስትወጣ ቅጹ ተፈርሞ ነበር። በማግስቱ ገና አባቴ ሳይነቃ ቦርሳዋን ይዛ ባቡር ጣቢያ ደርሳለች።

እሱ ሲነሣ እኔ ለሥራ እየተዘጋጀሁ ነበር። «ልጅቷስ?» አለ። «ሄደች» አልኩት። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። ሳይቆጣ «አላህ ያግዛት» አለና ወንበሩን ጥላው ውስጥ አስገብቶ ተቀመጠ።

ያን ጊዜ ነው የፈነዳሁት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉኛል፤ ይበሉኝ።

«ለእሷ ጊዜ እንዲህ ቀላል ነው?» አልኩት። «እኔስ? እኔ ስጠይቅህ ከሰዓት ሂጂ ብለህ ጠዋት አፍህን ዘጋህ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ካርቶን ስቆጥር የኖርኩት በአንተ ምርቃና ነው!»

ቀና ብሎ አየኝ። የተናደደ አይመስልም፤ የገረመው ነው የሚመስለው።

«በየትኛው ምርቃና?» አለኝ።

«ሰኞ ዕለት። ኮሪያኛ ልማር ያልኩህ ቀን።»

«ያን ቀን አልቃምኩም እኮ» አለ።

ቦርሳዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

«ሳምንቱን ሙሉ ሻይ ሳልጠይቅሽ ሻይ ታመጪልኝ ነበር» አለ። «የምትጠይቂኝ ትልቅ ነገር እንዳለ አላውቅም እንዴ? ነገሩን አውቄ ነው ያን ቀን የተቀመጥኩት። ጫቱ ፊቴ ነበር፤ ለወግ። አንድ ቅጠል አልቀጠፍኩም። ልጄ ስትጠይቀኝ በራሴ ጭንቅላት ልመልስላት ብዬ። ሂጂ አልኩሽ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ከዚያ ወዲያ ምን እላለሁ?»

«ለምን ጠዋት አልደገምከውም?»

«ምኑን ነው የምደግመው? ደህና ሆኜ የተናገርኩትን? እኔ እኮ አንቺ ቅጹን ታመጪልኛለሽ ብዬ ማክሰኞ ሱቄን አርፍጄ ከፈትኩ። ረቡዕም አርፍጄ ከፈትኩ። ምን አለ ብዬ ጠየቅኩሽ፤ ምንም አልሽኝ። ሂጂ የተባለች ልጅ ካልሄደች ልቧ ሌላ ነው አልኩ።» ዓይኑን ከእኔ አንሥቶ ግቢው ላይ አደረገ። «እውነቱን ልንገርሽ? ባለመሄድሽ ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ደግሜ አልጠየቅኩሽም። ይኸ ነው ጥፋቴ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚህ ቆሟል» አለና ጉሮሮውን ነካ አደረገ። «አውፍ በይኝ፣ ኢንተለ ቲያ። ለአላህ ብለሽ ይቅር በይኝ።»

እኔ ያን ሰኞ ከሰዓት በኋላ ወደኋላ ሄጄ አየሁት። ምርቃና ላይ ያለ አባቴ «ሂጂ» ብሎ አያቆምም ነበር፤ ኮሪያ ድረስ በእግሩ ሊሸኘኝ ቃል ይገባ ነበር፣ ኮሪያ ውስጥ ቤት ይገዛልኝ ነበር። ያን ቀን ግን ሁለት አጭር ጥያቄ ጠየቀ፣ አንድ አጭር መልስ ሰጠ። ፊቱን ቀና ብዬ ባየው ጉንጩ ባዶ እንደሆነ አይ ነበር። ይህን ሁሉ ለማወቅ የሚያስፈልገው አንዴ ቀና ማለት ብቻ ነበር።

ግን ነገሩ ይህም ብቻ አይደለም። ከዚህ በፊት ለማንም ያልተናገርኩትን እዚህ ልጽፈው ነው። ማክሰኞ ጠዋት በረንዳው ላይ «ምን አለ?» ሲለኝ ድምፁ የሐራራ ድምፅ አልነበረም። አውቄዋለሁ። የአባቴን የጠዋት ቁጣ ከጨቅላነቴ ጀምሮ የማውቀው ነው፤ ያ እሱ አልነበረም። ኪሴ ውስጥ ቅጹ ነበረ። «ምንም» ያልኩት እምቢ እንዳይለኝ ፈርቼ አይደለም፤ እሺ እንዳይለኝ ፈርቼ ነው። ታይዋን ገበያ ውስጥ ኮሪያኛ የማነበው እኔ ብቻ ነበርኩ። እዚያ አዲስ አበባ ግን ሁሉም የሚያነብበት ክፍል ገብቼ፣ ከሳጥንና ከክብ የምትጀምር አንዲት የድሬ ልጅ ልሆን ነው። ብወድቅስ? ተመልሼ መጥቼ ጃኬት ላነብላቸው? ሰኞ ማታ አልጋዬ ላይ ይህን ሳስብ ነው ያደርኩት። ስለዚህ የእናቴን ሕግ ያዝኩ። ሕጉ በጣም ተመቸኝ። አባቴ ካልደገመው እምቢ ያለው እሱ ነው፤ እኔ የተከለከልኩ ጎበዝ ሆኜ እኖራለሁ። ሬጅስትራሯ እስከ ማታ ልያዘው ስትለኝ «ልቀቂው» አልኳትና ለአንድ ደቂቃ ያህል ደረቴ ቀለለኝ።

አባቴ አሁንም እየጠበቀኝ ነበር። አርጅቷል። ይህን ሁሉ በዚያች ጠዋት ልነግረው እችል ነበር፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። አፌን ከፈትኩ።

«አውፍ ብያለሁ፣ አባ» አልኩት።

ፊቱ ሲፈታ አየሁ። እጄን ይዞ ሳመው፤ መሳም የነበረብኝ እኔ ነኝ። «አልሐምዱሊላህ» አለ፣ ሁለት ጊዜ። እኔም ሥራ ረፍዶብኛል አልኩትና ወጣሁ።